በጉሌድ መንጋ ውስጥ የነበረችው የአባቴ ጡረታ

ባለፈው ዓመት ጉ የምንለው ትልቁ የበልግ ዝናብ መጣሁ አልመጣሁ እያለ ሰማዩን ሲያጠቁር፣ መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ በጅጅጋ የከብት ገበያ አጠገብ ሳልፍ፣ አንድ ሽታ መጥቶ ካለሁበት አቆመኝ። የተቃጠለ ፀጉርና የተቃጠለ ቆዳ ሽታ ነበር፤ አንድ ነጋዴ የገዛቸውን ግመሎች አንበርክኮ ጭናቸውን በጋለ ብረት እየተኮሰ ምልክት ያደርግባቸው ነበር። መንገድ ዳር ቲማቲም የምትሸጥ ወጣት ቆሜ መቅረቴን አይታ፣ «አያዮ፣ አሞሽ ነው?» ብላ በርጩማዋን ለቀቀችልኝ። አያዮ በሶማሊኛ አያት ማለት ነው፣ ከሸመገልኩ ወዲህ በዚህ ከተማ የሚያውቀኝም የማያውቀኝም እንዲሁ ነው የሚጠራኝ። «አላመመኝም ልጄ፣ ደክሞኝ ነው» አልኳት። እውነትም ደክሞኛል፣ ግን የዚያን ቀን ያስቀመጠኝ ድካም ብቻ አልነበረም። አባቴ ትዝ ብሎኝ ነው፣ አባቴና ጡረታው።

አባቴ አሥር አለቃ ተሰማ ይባል ነበር። በወጣትነቱ ከሸዋ ከጦሩ ጋር መጥቶ፣ እዚሁ ጅጅጋ እናቴን አግብቶ፣ እግሩን ታሞ ቀድሞ ስለተሰናበተ፣ ጡረታ የሚያስገኘውን የአገልግሎት ዓመት ሳይሞላ ቀረ። ከዚያ በኋላ የአንድ ዓረብ ነጋዴ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ሲያገለግል ነው እኔ ነፍስ ያወቅኩት። ነጋዴው ክፉ ሰው አልነበረም፣ ደመወዙን ቀን አያሳልፍም፣ በበዓል ስኳርና ዘይት ይጨምርለታል፤ ነገር ግን አባባ ከመጋዘኑ በር ላይ የተነሣ ዕለት ደመወዙም አብሮት እንደሚነሣ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እናቴ አስካለ በርበሬ እየወቀጠች ለወታደር ሚስቶች ትሸጥ ነበር። የልጅነቴ ቤት ሁልጊዜ ያስነጥሳል።

አባባ ስለ እርጅና ማሰብ የጀመረበትን ቀን አስታውሳለሁ። እሁድ ነበር፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ምሳ ቀርቦለት እጁን ሳይታጠብ ቁጭ አለ። እናቴ ምን ሆንክ ስትለው፣ አብሮት የዘመተውን ባሻ ዘለቀን በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ከለማኞቹ መሐል ተቀምጦ እንዳየው ነገራት። «ሰላም ልለው ጠጋ ስል ፊቱን በጋቢው ሸፈነብኝ። እኔ መሆኔን አውቆ ነው የሸፈነው። አስካለ፣ እኔ እንደዚያ አልሆንም።» እናቴም፣ «እግዜር ያውቃል» ብላ ወጡን አሞቀች። ያን ቀን የበላ ሰው አልነበረም፣ እኔ ግን በልቻለሁ መሰለኝ፣ ልጅ ነኛ።

በዚያው ሰሞን እቁብ ደረሰው። እናቴ ከዓመት በፊት ጀምራ አስባበት ነበር፤ በግቢያችን ጥግ አንዲት ክፍል አሠርታ ለመምህር ማከራየት ነው ሐሳቧ። አባባ ደግሞ ለማንም ሳይነግር የራሱን ሐሳብ ሲያበስል ቆይቶ ኖሮ፣ ገንዘቡ እጁ በገባ ማግስት ገና ያልወለደች ሴት ግመል እንደሚገዛ ነገራት። ጠባቸው እስከ ጎረቤት ተሰማ።

«ክፍል በየወሩ ኪራይ ያመጣል!»

«ክፍል አይወልድም።»

«ግመልስ ኪራይ ትከፍላለች?»

«ትወልዳለች አልኩሽ እኮ። የወለደቻት ደግሞ ትወልዳለች። እኔ ሳረጅ ስምንት ይሆናሉ።»

«እሰይ! የሰው ጡረታ በየወሩ ከመንግሥት ቤት ይመጣል፣ የእኔ ባል ጡረታ አራት እግር አውጥታ ግራር ስትቀነጥስ ትውላለች!»

ጎረቤቶቻችን በአጥሩ በኩል ሲስቁ ተሰማኝ፣ አባባም ራሱ ሳቁ አመለጠው፣ እናቴ ግን አልሳቀችም። ግመሏም ተገዛች።

ከተሜ ሰው ግመል ገዝቶ የት ያኖራታል እንዳትሉኝ። በኛ አገር ከተማ ውስጥ የሚኖር ሰው፣ አማራ ይሁን ሐረሪ ይሁን ሶማሌ፣ ከብቱን ለሚያምነው አርብቶ አደር ይሰጠዋል፤ አርብቶ አደሩ ወተቱንና የሚወለደውን ወንድ ይወስዳል፣ ሴት ሴቱ ለባለቤቱ ይሆናል። አባባ የሚያምነው ሰው ጉሌድ ነበር፣ እኔ አዴር ጉሌድ ነበር የምለው፣ አጎቴ እንደማለት ነው። ጉሌድ ከፋፈን ሸለቆ ወዲያ ማዶ የሚኖር፣ ረጅም፣ ጥርሱ የተፈናቀረ፣ ቀልደኛ ሰው ነበር። ወዳጅነታቸው የጀመረው አንድ የዝናብ ቀን ጉሌድ እህል ሊገዛ መጥቶ ማደሪያ ሲያጣ አባባ በመጋዘኑ በረንዳ ስላስጠለለው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ገበያ በወጣ ቁጥር ቤታችን ሳይገባ አይሄድም ነበር፣ ለእኔም ኪሱ ውስጥ ተምር አይጠፋም።

የጉ ወቅት ነበር፣ ምድር አንድ ሳምንት በማይሞላ ጊዜ አረንጓዴ የሚሆንበት፣ የከተማው ጭቃ ጫማ የሚያስቀርበት። ግመሏ ቀላ ያለች፣ ዓይኗ የተኳለ የሚመስል ነበረች፣ አባባም አለኝታ ብሎ ስም አወጣላት። ጉሌድ ከአጥራችን ውጭ እሳት አንድዶ ከጆንያው ውስጥ የጎሳውን ምልክት የሚያትምበትን ብረት ሲያወጣ፣ አባባ «ቆይ» ብሎ ከኮቱ ሥር ሌላ ብረት አወጣ። ከተማው መሐል ካለ ቀጥቃጭ ዘንድ አሠርቶት ኖሯል።

«ምንድን ነው ይኼ?» አለ ጉሌድ።

«ምልክቴ ነው። ተ። የስሜ መጀመሪያ።»

ጉሌድ ብረቱን አገላብጦ ካየ በኋላ፣ «ቆንጆ ነው። ለመጽሐፍ ይሆናል፣ ለግመል አይሆንም» አለ። አባባ ለምን ሲለው፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ቀስ እያለ፣ «ተሰማ፣ ግመል ትጠፋለች። ሁሉም ግመል አንድ ቀን ይጠፋል። የኛን ምልክት ያየ ሰው፣ አገር አቋርጣ ብትሄድ እንኳ፣ ይቺ የነእገሌ ናት ብሎ ውሃ አጠጥቶ ይመልሳታል። ያንተን ፊደል በረሃ ላይ ማን ያነበዋል?» አለው።

አባባ ወደ እናቴ አየ፣ እናቴ በርበሬ የነካ እጇን ወደ ላይ ይዛ በአጥሩ በር ቆማ ነበር። ከዚያ አባባ ዕድሜ ልኩን የቆጨውን ነገር ተናገረ።

«አንተን አምናለሁ ጉሌድ። ግን ሰው ነህ፣ ትሞታለህ። ያን ጊዜ ልጆችህ የራሳቸው ምልክት ያለባትን ግመል አይተው የማን ናት ይላሉ?»

ጉሌድ የራሱን ብረት ወደ ጆንያው መለሰ፣ የአባባን ብረት ወስዶ እሳቱ ውስጥ ቀበረው፣ ሲግል አወጣና፣ «እሺ፣ ያንተ ናት፣ እንዳልክ ይሁን» ብሎ በገዛ እጁ በአለኝታ ጭን ላይ ጫነው። ጭሱ ሲነሣ አፍንጫዬን ያዝኩ። ያ ነው እንግዲህ ሽታው። ያን ቀን ጉሌድ ምሳ ሳይበላ ሄደ፣ ከቤታችን ሳይበላ ሲሄድ የመጀመሪያው ነበር፣ እናቴም ከኋላው እያየች፣ «ሰውየውን አስቀየምከው» አለች፤ አባባ ግን ብረቱን በአመድ እያሻሸ፣ «ጡረታ በሰው ደግነት አይሆንም፣ በማስረጃ ነው» አላት። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፣ የቀረውን ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ተ የምትባለዋን ፊደል ግን ያን ቀን ከግመል ጭን ላይ ተማርኳት።

ሐጋ ሲገባ፣ ዝናቡ ቆሞ ነፋሱ አቧራውን ከመሬት እያነሣ ፊት ላይ ሲረጭ፣ አባባ ከነጋዴው ሁለት ቀን ፈቃድ ለምኖ አለኝታን ሊያይ ሄደ፣ እኔንም አስከተለኝ። በእህል መኪና ላይ ተጭነን የሐረርን መንገድ ይዘን ፋፈን ወረድን፣ ከዚያ በእግር ተጓዝን፣ የአባባ እግር ስለሚያመው እየቆምን እየተቀመጥን ነው የደረስነው። የጉሌድ ሚስት፣ ኤዶ ማለትም አክስቴ እያልኩ የምጠራት ሐሊሞ፣ በጭስ የታጠነ ዕቃ ውስጥ ያለ የግመል ወተት ሰጠችኝ፣ የጭሱ ጣዕም መጀመሪያ አስጠላኝ፣ ሁለተኛውን ቀን ግን ጨምሪልኝ አልኩ። ጉሌድ ቂም የያዘ አይመስልም ነበር። «ያቻትልህ፣ ጽሑፍ የምታውቀዋ ግመል!» ብሎ ከመንጋው መሐል ሲያሳየን እረኞቹ ሁሉ ሳቁ። እርሷ ብቻ ነበረች የተለየ ምልክት ያላት። አባባ ጠጋ ብሎ ጠባሳውን በመዳፉ ዳሰሰው፣ ደጋግሞ ዳሰሰው፣ ፊቱ ላይ ያየሁትን ዕረፍት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አይቼበት አላውቅም።

ስንመለስ መኪና እስኪመጣ መንገድ ዳር ከአንድ ግራር ሥር ተቀምጠን ጣቶቹን እያጠፈ ያስብ ነበር። «አንቺ ስታገቢ አንዷን እሰጥሻለሁ። አንዷን ሸጬ ለእናትሽ ያቺን ክፍል እሠራላታለሁ፣ ከዚያ እንኳ ትተወኝ ይሆናል። ለኔ ስድስት ይቀሩኛል።»

«አባባ፣ ስድስት ግመል ምን ያደርግልሃል?»

«ማንንም እንዳልለምን ያደርገኛል።»

ደይር መጣ፣ ያ አጭሩ ዝናብ፣ የዚያን ዓመት ደግሞ ከወትሮው ያጠረ ነበር። ጉሌድ በገበያ ቀን መጥቶ አለኝታ ማርገዟን ሲነግረን አባባ ከደስታው ብዛት የመጋዘኑን ቁልፍ የት እንዳስቀመጠ ጠፍቶት ግማሽ ቀን ሲፈልግ ዋለ። እናቴ እንኳ ለዘብ ብላ፣ ጉሌድ በመጣ ቁጥር «የምራቴ እርግዝና እንዴት ነው?» ማለት ጀመረች። እርሱም ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ «አስካለ፣ ምራትሽ ሥራ አትወድም፣ ስትበላ ብቻ ነው የምትውለው» ይላታል። ቤታችን ውስጥ ስለ መጪው ጊዜ ያለ ፍርሃት ያወራነው ያን ጥቂት ወር ነው። አባባ ማታ ማታ እግሩን በሙቅ ውሃ ነክሮ፣ መጋዘኑን በስንት ዓመት እንደሚለቅ፣ ከለቀቀ በኋላ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ እንደሚውል ያወራ ነበር። ሰው ዝም ብሎ ፀሐይ ለመሞቅ ይህን ያህል ማሰብ እንዳለበት ያኔ አይገባኝም ነበር።

ከዚያ ጅላል ገባ፣ ረጅሙ በጋ። ጅላል በየዓመቱ ይመጣል፣ የዚያን ዓመቱ ግን ላይወጣ የገባ ይመስል ነበር። የከተማው ጉድጓዶች ደርቀው ውሃ በአህያ ከሩቅ ይመጣ ነበር፣ ገጠሬው የከሳ የደረቀ ከብቱን ወደ ገበያ እየነዳ በማይረባ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ጉሌድ መንጋውን ይዞ ወደ ደቡብ፣ ሣር አለ ወደተባለበት ሄደ ተባለ፤ በገበያ ቀን መምጣቱም ቀረ። አባባ ከገጠር የመጣውን ሰው ሁሉ ያስቆም ነበር። «ጉሌድን አይታችኋል?» ማንም አላየውም። እናቴ ያን ጊዜ አንድም ቀን «ብዬህ ነበር» አላለችውም፣ ከርሱ ጭንቀት ይልቅ የርሷ ዝምታ ነበር እኔን የሚያስፈራኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የአጥራችን በር ተከፈተና ጉሌድ ገባ። መጀመሪያ አላወቅኩትም፣ ከስቶ አጥንቱ ቀርቷል፣ አቧራው ፀጉሩን ሽበት አስመስሎታል። እናቴ ውሃ ሰጠችው፣ ጣሳውን ተቀብሎ ሳይጠጣ መሬት አስቀመጠው።

«ተሰማ፣ ግመልህ የለችም።»

እናቴ ናት፣ «ሞታ ነው ወይስ ጠፍታ?» ያለችው።

«ጠፍታ ነው። ብትሞት ይሻል ነበር፣ የሞተ ነገር ይታወቃል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉድጓድ ዳር ብዙ መንጋ ተሰብስቦ ውሃ ሲጠብቅ አንድ ሌሊት ጅብ ገብቶ ግመሎቹ በርግገው ተበተኑ። ከጉሌድ መንጋ ሰባት ጠፉ፣ ከሰባቱ አንዷ አለኝታ ነበረች። ጨረቃ ሁለቴ ወጥታ እስክትገባ ድረስ ስድስቱ አንድ በአንድ ተመለሱ፤ ጉሌድ ከማያውቀው አገር፣ ጉሌድ ከማያውቃቸው ሰዎች ዘንድ፣ ምልክታቸውን እያዩ ከጉድጓድ ጉድጓድ እያቀባበሉ መለሱለት። አለኝታን ሊፈልግ እርሱ ራሱ ዞረ። በደረሰበት ሁሉ ምልክቷ ምንድን ነው ሲሉት በበትር አሸዋ ላይ ይሥልላቸው ነበር፣ ማንም አያውቀውም። «አንድ ሽማግሌ አይቻታለሁ አለኝ» አለ ጉሌድ። «ውሃ ልትጠጣ መጥታ ነበር፣ የማን እንደሆነች ስላላወቅን ለማን እንላካት? ሲመሽ የሚያልፍ መንጋ ተከትላ ሄደች አለኝ።»

ይህን ሲናገር ሳያስበው መሬታችን ላይ በጣቱ ያን ምልክት ሣለው። ማንበብ የማያውቅ ሰው አንዲት ፊደል፣ አባባ ራሱ ከሚጽፈው አሳምሮ ይጽፍ ነበር፣ ስንት ቦታ እንደጻፋት እንጃ። አባባ ፊደሉን አየ፣ ተነሣና ቤት ገባ፣ ቀኑ ሳይመሽ ተኛ። ጉሌድ ውሃውን የጠጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በቀጣዩ ጉ ዝናብ ሲመለስ ጉሌድ አንዲት ትንሽ ሴት የግመል ግልገል እየጎተተ መጣ። «ይቺ ያንተ ናት» አለው አባባን። «የኛ ምልክት አለባት፣ ግን ያንተ ናት።» አባባ ቀና ብሎም አላያትም። «አይሆንም ጉሌድ። ግመሌን ያጠፋኋት እኔ ነኝ እንጂ አንተ አይደለህም። ያንተን ሀብት አልወስድም።» ጉሌድ ለመነው፣ ተቆጣው፣ በመጨረሻ ሳቀበት፤ «ወላሂ ያንተ አንገት ከግመል አንገት ይደነድናል!» ብሎ ግልገሏን ይዞ ተመለሰ። እናቴ እስከ አጥሩ ሸኘችው፣ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። የአባባን ብረት እሳት መቆስቆሻ አደረገችው፣ ለብዙ ዓመት ቆሰቆሰችበት።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፣ ግን ለማውራት አጭር ነው። አባባ ሌላ እቁብ ቢገባም ከእጅ ወደ አፍ ሆኖ አለቀ፣ ግመል የሚለውን ቃል አፉ ላይ አላነሣም። እግሩ እያበጠም በርጩማ ላይ ተቀምጦ መጋዘን ጠበቀ፣ ነጋዴው አገሩን ለቆ እስኪሄድ ድረስ። ከዚያ ቤት ዋለ። እኔ አግብቼ ልጅ ይዣለሁ ያን ጊዜ፣ የእናቴ በርበሬ ነበር የሚያበላቸው። እና ወተት። ጉሌድ በገበያ ቀን ሁሉ አንድ ዕቃ የግመል ወተት ይዞ ይመጣ ነበር፣ ከበሩ ላይ «ተሰማ፣ አለህ?» ብሎ ይጣራል፣ አባባም «አለሁ፣ የት እሄዳለሁ» ይለዋል። አባባ የየትኛዋ ግመል ወተት እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ጠይቆት አያውቅም።

ጉሌድ ቀድሞት ሞተ። መርዶውን የሰማን ዕለት አባባ አለቀሰ፣ ከለቅሶው በኋላ ለኔ ብቻ፣ «እንግዲህ በቃ፣ ወተቱም እዚህ ላይ ያበቃል» አለኝ። አላፈረም፣ የደከመ ሰው የሚያስበውን ነው የተናገረው። በቀጣዩ የገበያ ቀን ጠዋት ፀሐይ እየሞቀ ሳለ ከበሩ ላይ «ተሰማ፣ አለህ?» የሚል ድምፅ ሰማን። የጉሌድ ትልቁ ልጅ ነበር፣ ድምፁ ቁርጥ የአባቱን ነበር። ወተቱን አስቀምጦ ከአባባ ጎን ተቀመጠና፣ አባቱ ሊሞት ሲል መንጋውን ሲያከፋፍላቸው፣ የተሰማ የሚባሉትን ግመሎች ለብቻ እንደለየ ነገረው። አባባ አልገባውም።

«የተሰማ የሚባሉት የትኞቹ ናቸው?»

«ያቺ እምቢ ያልካት ግልገል፣ እሷና የወለደቻቸው። እኛ ልጆች ሳለን ጀምሮ የተሰማ ነው የምንላቸው። ወተቱም የነሱ ነው።»

«ስንት ሆኑ?»

«አምስት።»

አባባ ወተቱን ሳይጠጣ ብዙ ቆየ። ቀጥሎ ጠጣው። «ምልክታቸው የናንተ ነው፣ አይደል?» ብሎ ጠየቀ፣ ልጁም «የኛ ነው» አለው፣ አባባም «ጥሩ» አለ። ያን ዓመት አንዷ ተሸጣ እናቴ ያችን ክፍል አሠራች፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ያሰበቻትን፣ መምህርም ተከራያት። አባባ ሁለት ዓመት ፀሐይ ሞቀ። የቀሩትን ግመሎች እርሱ ከሞተ በኋላ በመጣው ድርቅ ነው ያጣናቸው፣ ከጉሌድ ልጆች ግመሎች ጋር አብረው።

አሁን እኔ በዚያ ግቢ ብቻዬን ነኝ። ሱቄን በሁለት ሺህ አሥር ጉልበቴ አልቆምም ሲለኝ ዘጋሁ፤ ስኳርና ፓስታ፣ ሳሙናና ክብሪት ስሸጥ ኖሬ፣ እንደ አባባ ሁሉ ለዛሬ እንጂ ለነገ የሚከፈለኝ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። የክፍሏ ኪራይ አለ፣ ግን በዚህ ኑሮ ከወሩ አጋማሽ አይሻገርም። የቀረውን ልጄ ሰናይት ከድሬዳዋ በስልክ ትልክልኛለች። ልጄ ብልህ ናት፣ ቢሮ ነው የምትሠራው፣ ጡረታዋ በየወሩ ከደመወዟ ይቆረጣል፣ ስሟ ተመዝግቦ ተቀምጧል። ለኔም ሳትሰለች አስባ ነው ስልኩን ገዝታ፣ የሚስጥር ቁጥር አውጥታ፣ «እማዬ፣ ይህን ቁጥር ለማንም እንዳትነግሪ፣ ለማንም!» ብላ ያስጠናችኝ።

አጠናሁ፣ ጠፋብኝ። ደግሜ አጠናሁ፣ ደግሞ ጠፋብኝ። ባለፈው ጅላል ሳንባዬን ታምሜ ከአልጋ መነሣት ሲያቅተኝ ገንዘቡ ስልኩ ውስጥ ተቀምጦ እኔ መድኃኒት መግዣ አጣሁ። ጎረቤቴ ፎዚያ ናት ከራሷ ኪስ የገዛችልኝ፣ ሾርባ ያጠጣችኝ፣ ሌሊት ስስል በግድግዳው በኩል «አያዮ፣ አለሽ?» የምትለኝ። ሲሻለኝ ሰናይት ቁጥሩን እንደገና አስጠናችኝ፣ እኔም ዳግም እንዳይጠፋብኝ ለፎዚያ ነገርኳት። ሰናይት ስትሰማ ስልኩ እስኪንቀጠቀጥ ጮኸችብኝ፤ ስንት ሰው እንደተዘረፈ፣ ስንት እናት ባዶ እጇን እንደቀረች ዘረዘረችልኝ። እውነቷን ነው፣ አልከራከራትም። ዘመኑ የእሷ ነው፣ እኔ የማላውቀውን ሌባ ነው የምትፈራልኝ። አባባም በዚያ የጉ ቀን ሲፈራ እውነቱን ነበር፣ ሰው ይሞታል፣ ልጅ ይረሳል፣ እንዲህ አይሆንም ብሎ የሚምል ማን ነው። ያኔ እርጅናን የሚጠብቀው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ምልክት ነበር፣ አሁን የሚጠብቀው ማንም የማያውቀው ቁጥር ነው ይሉኛል፣ እኔ ሁለቱንም አላጣጥልም፣ ለመማር ግን መሸብኝ።

ትናንት ሰናይት ደወለች። ጤናዬን ጠየቀችኝ፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ጣሪያው ጠየቀችኝ፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማዬ፣ እንዳልኩሽ ቁጥሩን ቀየርሽው?» አለችኝ።

«ቀየርኩ ልጄ» አልኳት።

አልዋሸሁም። ተቀይሯል። የቀየረችልኝ ፎዚያ ናት።